ለማ ያየው በረዶ

ባለፈው ሰሞን ቁርሴን እየበላሁ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አንድ ወጣት የአየር ጠባይ ባለሙያ ስለ መጪው ክረምት ይጠየቃል። በሩቁ እስያ በሰፊው ምድር ላይ የተነጠፈ በረዶ እስከ ሚያዝያ ሳይቀልጥ ከቆየ፣ የኛን ክረምት የሚያመጣው ነፋስ ሊላላ እንደሚችል አስረዳ። ጠያቂዋ «ይገርማል!» አለች። እኔ የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩና ቀናሁ።

ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ የሆነው፣ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ የሚይዝ ሽማግሌ በሬዲዮ ልጅ ይቀናል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። የቀናሁት በልጁ አይደለም፤ በለማ ነው። ያንን ነገር ልጁ ሳይወለድ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሱሉልታ ላይ የሰማሁት ከለማ አፍ ነው። ያኔም ቀንቼ ነበር። ስለ ሥራ ዘመንህ ጻፍ ጻፍ የሚሉኝ ልጆቼ እንግዲህ ይህን ይወቁልኝ፤ የኔ የሥራ ዘመን ግማሹ ዝናብ፣ ግማሹ ቅናት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚያው ጨርቅ ይነግድ ነበር። እኔ ለንግድ ልብ አልነበረኝም፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ወሰደኝ። ደመወዙ ጫማ ያስገዛል፣ ካፖርት አያስገዛም፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም። ሥራዬ በአጥር በተከለለ ግቢ ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ በየማለዳው ከፍቼ፣ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወቱ ገልብጬ፣ ዐይኔን ከውሃው ጋር እኩል አድርጌ ማንበብ ነበር። ከላይ ሆነው ካዩት ይበዛል፤ ዝቅ ብለው ካዩት ያንሳል። እኔ ጉልበቴ ጭቃ እስኪሆን ተንበርክኬ አነብ ነበር እንጂ አንድም ቀን ቆሜ አላነበብኩም።

ከተጂ እህል ጭነው ለገበያ የሚያልፉ ገበሬዎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል?» አሉኝ።

«እኔ የምለካው የዘነበውን ነው፣ አባቴ።»

«የዘነበውንማ እኛም በራሳችን ላይ ለካነው!» ብለው አህያቸውን ነዱ።

ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ምኞት ያዘኝ፤ ገና ያልወረደውን ዝናብ የሚናገር ሰው መሆን፣ ሌላው ሰው ተነሥቶ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ መቀመጥ።

ኋላ እንጦጦን አሻግረው ሱሉልታ መደቡኝ። ሱሉልታ ያኔ ሜዳ፣ ሣርና ብርድ ነበረች። ክረምቱ ሲወጣ ገበሬው ሣሩን አጭዶ፣ አድርቆ ይከምራል። ድርቆሹ አዲስ አበባ ወርዶ ለጋሪ ፈረስና ለወተት ላም ይሸጣል። የጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ዲሪባ የዚያው የሱሉልታ ሰው ነበሩ፤ የሣር መሬታቸው ከጣቢያው አጥር ጋር ይዋሰናል።

ኦቦ ዲሪባ የሙቀት መለኪያው ወዳለበት ነጭ ሳጥን ሲቀርቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በሩን ከፍተው መጀመሪያ የሚያነቡት የዲግሪውን ሽርፍራፊ ነው፤ ሙሉው ቁጥር ኋላ ይመጣል። «ትንሿን አስቀድም» ይሉኛል። «ገላህ መለኪያውን ያሞቀዋል፤ አንተ ትልቁን ስታይ ትንሿ ታመልጥሃለች። ትልቁ የትም አይሄድ።» ወደ ሳጥኑ የሚሄዱባት መንገድም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሣር እንዳይረገጥ። እኔ ያችኑ መንገድ፣ ያችኑ ትንፋሽ፣ ያችኑ አነባበብ ቀዳሁ። ሰው ከሩቅ ቢያየን ከኋላ የምከተለው እኔ ጥላቸው እመስል ነበር።

አንድ ልማዳቸውን ግን አልቀዳሁም። ንባቡን ጽፈን ስንጨርስ «ዛሬ ከትናንት ቀዝቅዟል፤ ለምን?» ይላሉ። እኔ መዝገቡን መልሼ አይና «ንባቡ ትክክል ነው፣ ኦቦ» እላለሁ። «ትክክልነቱንማ አየሁት» ብለው ዝም ይላሉ። ዝምታው እርካታ ይመስለኝ ነበር።

ለማ የመጣው እኔ ቀኝ እጃቸው ነኝ ብዬ ተደላድዬ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። የመናገሻ ገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ጽሑፉ የዶሮ ጭረት። በመጀመሪያው ማለዳ ኦቦ ዲሪባ ያችን «ለምን?» ሲሉት፣ «ትናንት ደመና ነበር፤ ዛሬ ግን ሰማዩ ራቁቱን ነው ያደረው። የምድሩ ሙቀት ወደ ላይ ያመለጠ ይመስለኛል» አለ። ይመስለኛል! በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይመስለኛል የሚባል ነገር እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። ኦቦ ዲሪባ ትከሻውን መታ አድርገው «ዹጋ ኬ!» አሉት። እውነትህን ነው ማለታቸው ነው። እኔን በሁለት ቋንቋ ቀርቶ በአንዱም ብለውኝ አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ጨዋታ በኦሮምኛ ሆነ። ይስቃሉ። እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ለእንግዳ ወንበር እንደ መልቀቅ። እርር ድብን አልኩ። ቤት ያከራዩኝን ወይዘሮ ጫልቱን ኦሮምኛ ያስተምሩኝ ዘንድ ለመንኳቸው። «ለገበያ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ለገበያ» አልኩ። ለቅናት ነው አይባል ነገር። ቀስ በቀስ ቻልኩት፤ ግን መቻሌን ለማንም አልተናገርኩም። ሲስቁ ፊቴን ቋጥሬ፣ ውስጤ ግን ቀልዱን እየሰማ ስንት ጊዜ ምላሴን ነከስኩ።

አንድ ዓመት ዋናው መሥሪያ ቤት ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ከጣቢያችን እንዲታጭ ጠየቀ። መዝገቤ ላይ አንድ ስርዝ የለም፤ ሌላ ማን ሊታጭ ነው ብዬ አባቴን ለምኜ ከሱቁ ጨርቅ ካፖርት አሰፋሁ። ኦቦ ዲሪባ ያጩት ለማን ነው።

ሊሄድ ሲል መጣና፣ «ተፈራ፣ አገሩ ብርድ ነው አሉ። ካፖርትህን ታውሰኛለህ?» አለኝ። ኦቦ ዲሪባ አጠገባችን ቆመዋል። ምን እላለሁ? አውልቄ ሰጠሁት። ልኩ አልነበረም፤ እጅጌው አጠረው። የእጅጌው ማጠር ትንሽ አጽናናኝ።

ሲመለስ ቡራዩ መደቡት፤ ከከተማው በላይ ባለው ግድብ አጠገብ የዝናብ ጣቢያ ነበረን። ካፖርቴን ተኩሶ መለሰልኝ፤ እኔም ምስማር ላይ ሰቀልኩት እንጂ አልለበስኩትም። ከሥራ በወጣ ቁጥር የጭነት መኪና ለምኖ፣ የካርታ ጥቅል በብብቱ ይዞ ሱሉልታ ከተፍ ይላል። ወሬው ሁሉ በረዶ ሆነ። እኛ በረዶ የምንለው ከክረምት ዝናብ ጋር ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደውን ጠጠር ነው፤ እሱ የሚለው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ወርዶ አገር ምድሩን የሚያለብሰውን ነው።

«ኦቦ፣ ያ ነጭ ነገር የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ መልሶ ይወረውረዋል» አለ አንድ ቀን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ጉልበቷ በረዶውን በማቅለጥ፣ ከዚያ ረግረጉን በማድረቅ ያልቃል። ምድሩ በጊዜው አይሞቅም። ምድሩ ካልሞቀ አየሩ ወደ ላይ አይነሣም፤ እሱ ካልተነሣ ከባሕር ነፋስ የሚስብ የለም። በክረምት በኛ አናት ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጠው የላይኛው ነፋስም ይደክማል።»

«እስያ የወደቀ በረዶ ሱሉልታ ድረስ?» አሉ ኦቦ ዲሪባ።

«ቆራን ጂዻ፣ ኦቦ!» እርጥብ እንጨት ማለቱ ነው። «እሳቱ እንጨቱን ሲያደርቅ ያልቃል እንጂ ቤቱን አያሞቅም። ሰማዩ ደግሞ አንድ ቤት ነው፤ ምድጃው ሲደክም ጥግ የተቀመጠውም ይበርደዋል።»

ኦቦ ዲሪባ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ገብቷቸዋል። ለኔም ገብቶኛል፤ የሚያንገበግበው እሱ ነው። እርጥብ እንጨት እኔም ቤት ስንት ዓመት ጨሷል፤ ዐይኔን ከማሸት በቀር ምንም አላስተማረኝም።

በዚያው ዓመት ዋናው መሥሪያ ቤት ኦቦ ዲሪባ ስለሚመጣው ክረምት ለሙከራ አንድ ቃል እንዲሰጡ አዘዘ። ግድቡን የሚጠብቁትም፣ የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴዎችም ይፈልጉታል። ለማ ከኛ መዝገብ የየዓመቱን ክረምት ዝናብ፣ ከውጭ አገር ከሚመጣው የአየር ጠባይ መልእክት ደግሞ የእስያን በረዶ አሰባስቦ ጎን ለጎን ደረደረ። በጥቅምትና በኅዳር በረዶው የበዛበት ዓመት ክረምቱ ደካማ ነው የሚል ነገር ወጣለት። በዚያ ዓመት ደግሞ የጥቅምቱ በረዶ ከባድ ነበር። «ክረምቱ ይደክማል» አለ።

«በረዶ እኛን አይመለከትም» አልኩ እኔ ከጥግ።

ኦቦ ዲሪባ ወደኔ ዞሩ። «ለምን?»

«አይመለከትም፣ ኦቦ።»

«ለምን ነው ያልኩህ።»

ለማ ስላለው ነው ልበላቸው? ጥቂት ጠበቁኝና ወደ ካርታው ተመለሱ።

ክረምቱ እንደሚደክም ኦቦ ዲሪባ ጽፈው ላኩ። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለጎረቤቶቻቸው ስለ ፈረንጅ አገሩ በረዶ በቃላቸው ነገሩ፤ የዘንድሮ ሣር ቀጭን ነው፣ የአምናውን ክምር አትሽጡ አሉ። የኦቦ ዲሪባ ቃል በሱሉልታ ቃል ነበር። ሰው ሁሉ ክምሩን አቆየ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዚያን ጊዜው ጉድ ግን መስከረምን አልጠበቀም። ክረምቱ ከመግባቱ ወንዙ ሜዳ ወጣ። የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ ስገለብጥ መስታወቱ ሞልቶ ሌላ ያስቀዳኝ ነበር። ሣሩ ወገብ ደረሰ። የአምናው ክምር ከሥሩ ውሃ ጠጥቶ፣ ከላዩ ዝናብ ተግቶ ሻገተ። አዲስ ሣር እንደልብ ባለበት አገር የሻገተ ድርቆሽ ማን ይገዛል?

አንድ ጎረቤት የበሰበሰ ድርቆሽ በእፍኙ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ኦቦ ዲሪባ፣ የፈረንጁን በረዶ ላሜ አልበላ አለችኝ» አለ። ለማ እዚያው ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የድርቆሹ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እኔስ? አልዋሽም፤ ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

«ቃሉ የኔ ነው» አሉ ኦቦ ዲሪባ። «የተናገርኩህ እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ሣሩ ሲደርስ ከኔ መሬት እጨድ፤ በሻገተብህ ፈንታ ይሁን።» ሰውዬው አፍሮ ወጣ። የደረሰውን ሣራቸውን ለጎረቤት ሲያሳጭዱ ሰነበቱ፤ ለራሳቸው ከብቶች የተረፈው ትንሽ ነበር።

እኔ ወደኔ ይዞራሉ ብዬ እጠብቃለሁ። አይመለከትም ብዬ አልነበር? ትክክል አልነበርኩም? እሳቸው ግን ወንበር ስበው «ና፣ ለማ፣ ተቀመጥ። የት ላይ እንደሳትን እንይ» አሉት። እንደሳትን! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው አንድ ወረቀት ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። እኔ የጠየቁኝን መዝገብ አመላልሳለሁ። በሥራ ዘመኔ ከቀናሁባቸው ቀኖች ሁሉ የከፉት እነዚያ ናቸው። በሰው ትምህርት መቅናት ያለ ነው፤ እኔ የቀናሁት በስሕተቱ ነው። በትክክለኛነቴ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አጠገቤ ተቀምጠው አያውቁምና።

በመጨረሻ ኦቦ ዲሪባ ጣታቸውን አንድ መሥመር ላይ አሳረፉ። «ይህ በረዶ መቼ የወረደ ነው?»

«በጥቅምት፣ ኦቦ።»

«ዓመተ ምሕረቱን ወደኛ ያመጣኸው እንዴት ነው?»

«ከነሱ ዓመት ስምንት ቀንሼ።»

ኦቦ ዲሪባ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ትንሿን አስቀድም አላልኩህም? መጀመሪያ ወሩን እይ፤ ዓመቱ ኋላ ይመጣል።»

ለማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ዓመት በመስከረም ይለወጣል፤ የነሱ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ። ስለዚህ ከመስከረም እስከዚያ ድረስ ባሉት ወራት ከነሱ ዓመት የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ለማ ለሁሉም ስምንት እየቀነሰ የጥቅምትን በረዶ ወደ ኋላ ጎትቶ ካለፈው ክረምት ጋር አጋባው። ዘንቦ ያለቀ ዝናብ፣ ከሱ በኋላ በወረደ በረዶ ሲዳኝ ኖሯል። ፈረንጅ ይህን ስሕተት አይሠራም፤ አንድ አቆጣጠር ነው ያለው። በረዶውን በነሱ ዘመን፣ ዝናቡን በኛ ዘመን የሚጽፍ የኛ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠመድ።

መሥመሩን እንደገና ሲደረድሩት የጥቅምቱ በረዶ ዝም አለ። የሚናገረው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ያልቀለጠው ሆነ። በዚያ ዓመት ደግሞ የጥቅምቱ ከባድ በረዶ ቶሎ ቀልጦ፣ ምድሩ ቀድሞ ሞቆ ነበር።

«ስለዚህ በረዶው ይናገራል!» አለ ለማ፤ ፊቱ እንደገና በራ።

«ይናገራል፤ ብቻውን ግን አይደለም። ባሕሩም አለ፣ እኛ የማናውቀውም አለ» አሉ ኦቦ ዲሪባ። «ከእንግዲህ ‹ይሆናል› አንልም፤ ‹ሊሆን ይችላል› እንላለን።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኦቦ ዲሪባ ጡረታቸው ደረሰ። ማን እንደሚተካቸው ሳስብ ምግብ አልወርድልህ አለኝ። አንድ ማለዳ ጠሩኝ።

«ተፈራ፣ ይህን ወንበር የጠየቅኩት ላንተ ነው። አንተ አትሳሳትም። ጣቢያ የሚታመነው እንዳንተ ባለ ሰው ነው።»

እጃቸውን ሳምኩ። ከሰበታ ጀምሮ የተመኘሁት ወንበር! ሲወጡ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩበት። መስኮቱ ክፍት ነበር። ኦቦ ዲሪባና ለማ በሣሩ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታዩኛል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደኔ ነው። ኦቦ ዲሪባ በኦሮምኛ «ኢኒ ሂን ዶጎጎሩ» ሲሉት ሰማሁ። እሱ አይሳሳትም። ደስ አለኝ፤ ለለማም ነገሩልኝ አልኩ። ትንሽ ሄደው ጨመሩ፤ «ገሩ ሂን ጋፈቱ።»

ግን አይጠይቅም።

ክፋት አልነበረበትም። ንባብ እንደሚያነቡ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የተናገሩት። ወንበሩ ከሥሬ የቀዘቀዘ መሰለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ያችን አንዲት መንገድ ትቼ በሣሩ ላይ እየረገጥኩ ደረስኩባቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና፣ ወደ ለማ ዞሬ በዚያው በኦሮምኛ ጠየቅኩት፤ «ለማ፣ በረዶ ምን ይመስላል?»

ሁለቱም ክው አሉ። ኦቦ ዲሪባ መሬት መሬት አዩ።

«ኦሮምኛ መቼ ተማርክ?» አለ ለማ።

«ስትስቁ።»

ለማ አልሳቀም። አሰበና፣ «ድምፅ የለውም» አለኝ። «እኛ ዝናብን የምናውቀው በቆርቆሮው ነው። የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ቆሜ ምንም አልሰማም፤ መውረዱን ያወቅኩት እጅጌህ ላይ ሲያርፍ አይቼ ነው። ጥቁሩ ካፖርት ላይ ነጭ፣ ነጭ… እፍ አላልኩትም። ካፖርቱ የተፈራ ነው፣ ይየው አልኩ።»

ለማ አሁን የለም፤ ኦቦ ዲሪባም የሉም። በዚያ ወንበር ጡረታዬ እስኪደርስ ተቀመጥኩ፤ በየዓመቱ የሚያዝያን በረዶ እየጠየቅኩ «ሊሆን ይችላል» እያልኩ ጻፍኩ። አንዳንዱ ሆነ፣ አንዳንዱ ቀረ፤ ስሳሳት ግን ወንበር ስቦ «የት ላይ እንደሳትን እንይ» የሚለኝ አልነበረም።

የሬዲዮው ልጅ ንግግሩን ሲጨርስ ቀና ብዬ ምስማሩን አየሁ። ካፖርቱ እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው፤ ብል እጅጌውን በልቶታል። በረዶ አይቷል፤ እኔ አላየሁም። በሱም እቀናለሁ።